አሥር መጠጥ ሣልኩ፣ የሚጠራኝ ግን አጣሁ፦ የመጠጥ ሥዕል ለንግድ ፖርትፎሊዮ

ሌላው አንባቢም እንዲከተለን ጥያቄሽን ባጭሩ ልድገመው። እጅሽ ለሥዕል የሰላ ነው፤ በማስታወቂያ፣ በማሸጊያና በሜኑ ሥዕል መተዳደር ትፈልጊያለሽ። «ከምትወጂው ነገር ጀምሪ» የሚል ምክር ሰምተሽ ቡናውን፣ ሻዩን፣ ጭማቂውን፣ ለስላሳውን እያልሽ የምትወጃቸውን አሥር መጠጦች ሣልሽ። ሁሉም ነጭ መደብ ላይ፣ ከመሀል ተቀምጠው፣ ከኢንተርኔት ከተገኘ ፎቶ የተሣሉ ናቸው። ያዩት ሰዎች በተለይ በረዶ የገባበትን የሎሚ ሻይ ይወዱልሻል። ለድርጅቶች ስትልኪው ግን መልስ የለም። «ጥፋቱ የርዕሱ ይሆን? የታወቁ መጠጦችን አርማ ብጨምርበትስ? ከፎቶ መሣልስ ችግር አለው?» ብለሻል።

ርዕሱ ላይ ምንም ጥፋት የለም። መጠጥ የሚሸጥ ሰው ሁልጊዜ ሥዕል ይፈልጋል፤ አዲስ ጣዕም ሲወጣ፣ ወቅት ሲቀየር፣ ጠርሙስ ሲለወጥ፣ ሜኑ ሲታደስ አዲስ ምስል ያስፈልገዋል። መጽሔት ስለ ሻይ ሲጽፍ፣ አሳታሚም የመጠጥ አዘገጃጀት መጽሐፍ ሲያወጣ እንዲሁ። በዚያ ላይ ብርጭቆ፣ ፈሳሽ፣ በረዶ፣ አረፋ፣ እንፋሎትና የሰው እጅ የሚገናኙበት ርዕስ ስለሆነ የሠዓሊን ዐቅም ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። የምትወጂውን መምረጥሽም ትክክል ነው። አዘውትረሽ የምትጠጪውን ነገር መቼ እንደሚያምር፣ ከየት በኩል ሲያዩት እንደሚያስጎመጅ ታውቂዋለሽ፤ ይህን ዕውቀት ፎቶ አይሰጥሽም።

ችግሩ አሥሩም ሥዕሎች አንድ ነገር ብቻ መናገራቸው ነው፦ «ብርጭቆ መሣል እችላለሁ»። ሥራ የሚሰጥሽ አርት ዳይሬክተር፣ ማለትም የአንድን ማስታወቂያ፣ ማሸጊያ ወይም መጽሔት የምስል ሥራ የሚመራው ሰው፣ ይህን ከመጀመሪያው ሥዕል ይረዳዋል፤ የቀሩት ዘጠኙ ምንም አይጨምሩለትም። እሱ ጠረጴዛው ላይ የተወሰነ ሥራ አለው። ጣሳ ላይ የሚጠቀለል መለያ፣ ከጽሑፍ ጎን ባለች ጠባብ ቦታ የምትገባ ትንሽ ሥዕል፣ አንድ ዓይነት መልክ ያላቸው አራት ጣዕሞች፣ በአምስት ደረጃ የሚታይ አዘገጃጀት ሊሆን ይችላል። ፖርትፎሊዮሽን፣ ማለትም ለደንበኛ የምታሳዪውን የሥራ ስብስብ፣ ሲከፍት «ይቺ ሰው ይህን ሥራዬን ትጨርስልኛለች» ማለት አለበት። ስለዚህ ምክሬን በአንድ ዓረፍተ ነገር ልንገርሽ፦ አሥር መጠጥ በአንድ መንገድ ከመሣል ሦስት መጠጥ መርጠሽ እያንዳንዱን በአራት ዓይነት ሥራ ላይ አውዪው።

ሦስቱን ስትመርጪ በባሕርያቸው ይለያዩ። አንዱ ብርሃን የሚያሳልፍ ይሁን፤ የሎሚ ሻይሽ እዚህ ይገባል። ሌላው ብርሃን የማያሳልፍ፣ እንደ ወተት ያለበት ቡና። ሦስተኛው የቀዘቀዘና ጋዝ ያለበት። እነዚህን ሦስቱን በደንብ የሣለች ሠዓሊ የቀረውን ሁሉ መሣል እንደምትችል የሚያይ ሰው ይገባዋል። እርሳስ ከማንሳትሽ በፊት ደግሞ ለእያንዳንዱ መጠጥ አንድ ሁለት መስመር ጻፊ፤ የምትወጂው ቅጽበት የቱ ነው? ሻዩ ገና ሲቀዳ ነው? ወተቱ ቡናው ውስጥ እንደ ደመና ሲበተን ነው? የጣሳው ክዳን ተከፍቶ አረፋው ሲፍለቀለቅ ነው? ወይስ መጀመሪያ ፉት ከማለትሽ በፊት ኩባያው እጅሽን ሲያሞቀው? ሥዕሉን የምትሥዪው ለዚያ ቅጽበት ነው። ያላንዳች ቅጽበት የተሣለ መጠጥ ከሙዚየም ዕቃ አይለይም፤ ማንም አይጠማውም።

አሁን ወደ አሣሣሉ ልግባ፤ ብዙ ፖርትፎሊዮ የሚወድቀው እዚህ ላይ ስለሆነ ረዘም አደርገዋለሁ። በረዶ ሳትጨምሪ በመጀመሪያ ትኩሱን ሻይ በግልጽ ብርጭቆ ቅጂና መስኮት አጠገብ፣ ብርሃኑ ከጎንና ትንሽ ከኋላ እንዲመጣ አድርገሽ አስቀምጪው። ቀለሙን እይ። ጀማሪ ሠዓሊ ሻይን በአንድ ቡናማ ቀለም ይሞላውና ጎኑ ላይ ነጭ መስመር ይሰነዝርበታል፤ ውጤቱ ቀለም የተቀባ እንጨት ይመስላል። እውነተኛው ሻይ ግን አንድ ቀለም የለውም። ብርሃን በብዙ ፈሳሽ ውስጥ ባለፈ ቁጥር ብዙው ይዋጣል፤ በጥቂቱ ካለፈ ጥቂቱ ብቻ። ስለዚህ ፈሳሹ በሚሳሳበት በጠርዙና ላዩ አካባቢ ወርቃማ ቢጫ፣ ወደ ውስጥ ሲገባ ብርቱካናማ፣ በወፍራሙ መሀል ደግሞ ጥቁር ቀይ ይሆናል። ይህን ሽግግር የያዘ ሥዕል ነጸብራቅ ባይጨመርበትም ሻይ ነው።

ቀጥሎ ፈሳሹ ብርጭቆውን የሚነካበትን መስመር ተመልከቺ። ውሃ ብርጭቆን ትንሽ ወደ ላይ ይወጣበታል፤ በዚህ ምክንያት ዳር ዳሩን ቀጭን፣ አንዳንዴ ደማቅ አንዳንዴ ጠቆር ያለ ቀለበት ይሠራል። ብዙዎች ይህን ይዘሉታል። ቀለበቷ ከሌለች ፈሳሹ ብርጭቆው ውስጥ የተቀዳ ሳይሆን ከኋላው የተለጠፈ ወረቀት ይመስላል። ከታች ደግሞ የብርጭቆው ወፍራም ግርጌ አለ፤ እዚያ ሻይ የለም፤ ከላይ ካለው ሻይ ግን ጥቂት ቀለም ይበደራል።

ከብርጭቆው ኋላ ትንሽ ራቅ አድርገሽ መስመር ያለው ወረቀት አቁሚና ወደ ቀኝ አንቀሳቅሺው። በፈሳሹ ውስጥ የሚታየው ምስል ወደ ግራ ይሄዳል። ፈሳሽ የሞላ ክብ ብርጭቆ እንደ ሌንስ ስለሚሠራ ከኋላው ያለውን ግራ ቀኙን ይገለብጠዋል። ባዶው የላይኛው ክፍል ግን አይገለብጥም። ስለዚህ ከኋላ መስኮት ካለ የመስኮቱ ብርሃን ከፈሳሹ መስመር በላይና በታች በአንድ ቦታ አይቀመጥም። ማንኪያ ካስገባሽበት ደግሞ ልክ ፈሳሹ ላይ ሲደርስ ይሰበራል፤ ከታችም ይወፍራል። እነዚህን ነገሮች በቃል መያዝ ያስፈልጋል፤ ደንበኛ «ከኋላው አረንጓዴ ቅጠል አድርጊበት» ሲልሽ ቅጠሉ በብርጭቆው ውስጥ የት እንደሚታይ ፎቶ ሳትፈልጊ ማወቅ አለብሽ።

ጥላውን እንዳትረሺ። ነጭ መደብ ላይ የተሣሉት ሥዕሎችሽ ብርጭቆው ሥር ግራጫ ጥላ ብቻ ካላቸው ትልቁን ዕድል አሳልፈዋል። በሻይ ውስጥ ያለፈ ብርሃን ጠረጴዛው ላይ ተሰብስቦ ይወድቃል፤ በጥላው መሀል እንደ ፍም የሚያበራ ወርቃማ ቦታ ታያለሽ። መጠጡን ከጠረጴዛው ጋር የሚያገናኘው፣ ተመልካቹንም «ይህ ነገር እውነት ነው» የሚያሰኘው ይህ ነው። እኔ የማንንም የመጠጥ ሥዕል ስመለከት መጀመሪያ የማየው ጥላውን ነው።

ሎሚው ሲጨመር የሻዩ ቀለም ፈዘዝ ይላል፤ አሲዱ የሻዩን ቀለም ሰጪ ነገሮች ስለሚለውጣቸው ነው። ይህን አውቀሽ ሎሚው የገባበትን ሻይ ካልገባበት ይልቅ ብሩህ አድርገሽ ከሣልሽው ሻይ የሚያውቅ ደንበኛ ወዲያው ያይልሻል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ መሣልም ራሱን የቻለ ጥሩ ሥራ ነው።

በረዶው ላይ ስንመጣ ብርሃንን የማጠፍ ዐቅሙ በቁጥር ሲገለጽ 1.31 ነው፤ የውሃው 1.33። በጣም ስለሚቀራረቡ ጥርት ያለ በረዶ ውሃ ውስጥ ሲገባ ጠርዙ ሊጠፋ ምንም አይቀረውም። የሚታየው መሀሉ ላይ ያለው ነጭ የአየር ደመና፣ ስንጥቁና ከፈሳሹ በላይ ብቅ ያለው ክፍል ነው። ብቻውን የሚንሳፈፍ በረዶ ደግሞ ከአሥር እጅ ዘጠኙ ያህል ፈሳሹ ውስጥ ነው። ስለዚህ በጠንካራ መስመር የተከበበ ሣጥን እየሠራሽ አትደርድሪ፤ ከላይ ብቅ ያለውን በጥራት፣ ከታች ያለውን በፍንጭ ሣዪው።

ከውጭ የሚያዘው ጤዛም ሕግ አለው። ጤዛ የሚይዘው ብርጭቆው የቀዘቀዘበት ቦታ ነው፤ ይኸውም በአብዛኛው ፈሳሹ እስከደረሰበት ድረስ። ከዚያ በላይ ያለው ደረቅ ነው። ጠብታዎቹ እኩል አይሆኑም፤ ጭጋግ የመሰሉ ጥቃቅኖች አሉ፣ ጎረቤቶቻቸውን እየዋጡ የተለቁ አሉ፤ ከመካከላቸው አንዱ ሲከብደው ይንሸራተትና ጥርት ያለ መንገድ ጥሎ ይወርዳል። በዚያ መንገድ ውስጥ የመጠጡ ቀለም ደምቆ ይታያል። እያንዳንዱ ጠብታ ብርሃኑ በመጣበት በኩል ትንሽ ነጭ ነጥብ፣ በተቃራኒው በኩል ደግሞ ከውስጥ የሚያበራ ቀለም አለው። ብዙዎች ነጭ ነጥቡን ብቻ አድርገው ጠርዙን በሙሉ ያጠቁሩታል፤ ያኔ ጠብታው ድንጋይ ይሆናል። ጥቂቶቹን በጥንቃቄ ጨርሺና የቀሩትን በፍንጭ እለፊያቸው፤ ዓይን የቀረውን ራሱ ይሞላዋል። ጋዝ ያለው መጠጥ ከሆነ አረፋዎቹ ከአንድ የብርጭቆ ነጥብ ተነስተው በሰንሰለት ይወጣሉ፤ ሲወጡ እየተለቁና እየተራራቁ ይሄዳሉ። ዝም ብሎ የተበተነ ነጥብ ጋዝ አይመስልም።

ወተት ያለበት ቡና ቀለል ይላል ብለሽ እንዳትንቂው። በወተት ውስጥ ያሉት ጥቃቅን የስብና የፕሮቲን ቅንጣቶች ብርሃኑን በየአቅጣጫው ስለሚበትኑት ቀለሙ ያለው ላዩ ላይ ነው፤ ጥላው ለስላሳ፣ ነጸብራቁ የደበዘዘ ነው። የሻይ ብርጭቆ ላይ የለመድሽውን ስል ነጭ መስመር እዚህ አረፋው ላይ ብትጥይው ፕላስቲክ ይሆንብሻል። እንፋሎት ደግሞ የሚታየው ከጥቁር መደብ ፊት፣ ብርሃን ከኋላ ሲመታው ነው። ነጭ መደብ ላይ እንፋሎት ለማሳየት ግራጫ ክር መዘርጋት ስለማያዋጣ ወይ መደቡን አጨልሚው፣ ወይ እንፋሎቱን ተዪው።

አንድ የሥዕል ትምህርት ቤት ጉዳይ ልጨምር፤ የብርጭቆው አፍ። ክቡ በጎን ሲታይ ሞላላ ይሆናል፤ ሁለቱ ጫፎቹ ግን መቼም አይሾሉም፣ ምንጊዜም ክብ ናቸው። ከላይ ሆነሽ ስታይው ግርጌው ከአፉ ይልቅ ሰፋ ያለ ሞላላ ነው፤ ከዓይንሽ ከፍታ ወደ ታች በራቀ ቁጥር እየተከፈተ ይሄዳልና። የሞላላው አጭሩ መስመር ደግሞ ሁልጊዜ ከብርጭቆው ቁመት ጋር አንድ አቅጣጫ ይይዛል፤ ብርጭቆው ቢያጋድልም አብሮ ያጋድላል። አርት ዳይሬክተር ይህን ለመለካት ማስመሪያ አያወጣም፤ ሲዛነፍ ግን ምክንያቱን ሳይናገር ገጹን ይዘጋዋል።

እጅሽ በዚህ ከተፈታ በኋላ መጠጡን ወደ ሥራ አስገቢው። በመጀመሪያ ጣሳውን ልውሰድ። የተለመደው 330 ሚሊ ሊትር ጣሳ አካሉ 66 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፤ ዙሪያው ወደ 207 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ፊት ለፊት የቆመ ሰው በምቾት የሚያየው ሲሶውን ያህል፣ ማለትም ሰባት ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ዋናው ሥዕል በሰባት ሴንቲ ሜትር ውስጥ ማለቅ አለበት፤ የቀረው ዙሪያውን ሲያዞሩት ታሪኩን የሚቀጥል ይሁን፤ ሁለቱ ጫፎች ሲገናኙም እንዳይጣሉ። ለመጠጡ ስም፣ ለመጠኑ፣ ለይዘቱ ዝርዝርና ለባርኮዱ ቦታ ተዪ። ይህን በወረቀት አትሚና እውነተኛ ጣሳ ላይ ጠቅልለሽ ፎቶ አንሺው። በኮምፒውተር የተዘጋጀ የጣሳ ሞክአፕም (ሥዕሉን ዕቃው ላይ ያለ አስመስሎ የሚያሳይ ምስል) ይሠራል፤ በእጅ የተጠቀለለው ግን ስፌቱ የት እንደሚመጣ አንቺን ራስሽን ያስተምርሻል።

ከዚያ ያንኑ መጠጥ በሦስት ሴንቲ ሜትር፣ በአንድ ቀለም፣ ለሜኑ ወይም ለመጽሔት ዓምድ በሚሆን መልኩ ሣዪው። ትልቁን አሳንሶ ማስገባት አይሆንም፤ መስመሮቹ ይጣበቃሉ። ከመጀመሪያው ለትንሽነት የታሰበ፣ ጥቂት መስመር ያለው፣ ከሩቅ የሚነበብ ይሁን። ሦስተኛው ሥራ የአዘገጃጀት ቅደም ተከተል ነው፤ ሲቆረጥ፣ ሲጨመቅ፣ ሲቀዳ፣ ሲማሰል። እዚህ እጅ መሣል ግድ ይሆንብሻል፤ ለዚህም ነው የምወደው። ብዙ የመጠጥ ሠዓሊዎች እጅን ይሸሻሉ፤ አንቺ ከሣልሽው ወዲያው ትለያለሽ።

አራተኛው ተከታታይ ነው፤ አንድ ጠርሙስ፣ አራት ጣዕም። የብርሃኑ አቅጣጫ፣ የመስመሩ ውፍረት፣ የፍሬው መጠን በአራቱም አንድ ሆኖ ቀለሙና ስሜቱ ብቻ ይለያይ። ከፖርትፎሊዮሽ ውስጥ ሥራ የሚያመጣልሽ አንድ ነገር ምረጪ ብባል ያለማመንታት ይህን እመርጣለሁ። አምራች የሚፈራው የመጀመሪያው ሥዕል አምሮ አራተኛው ሌላ ሰው የሣለው መምሰሉን ነው፤ ተከታታይሽ ይህን ፍርሃት ያነሳለታል።

ፖስተር ከሠራሽ ደግሞ የመጠጥ ማስታወቂያን ታሪክ ትንሽ እይ። የፖስተር ሠዓሊው ሊዮኔቶ ካፒዬሎ በ1906 ሞሪን ኪና ለተባለው የአልኮል መጠጥ በሠራው ፖስተር ጥቁር መደብ ላይ አንድ አረንጓዴ ሰይጣን ጠርሙስ ሲከፍት ይታያል፤ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖትም ዓይን ይይዛል። ሌላው የፖስተር ሠዓሊ ካሳንድር በ1932 ዱቦኔ ለተባለው የአልኮል መጠጥ በሠራው ደግሞ አንድ ሰው በሦስት ተከታታይ ምስል መጠጡን ያያል፣ ይጠጣል፣ ይቀዳል፤ በጠጣ ቁጥር ሰውየውም የመጠጡ ስም ፊደላትም በቀለም እየተሞሉ ይሄዳሉ። በሁለቱም ብርጭቆውና ጠርሙሱ ከሥዕሉ ትንሹን ቦታ ነው የያዙት። መጠጡ በሰው ላይ የሚያደርገው ነገር ነው የተሣለው። አንቺም ከፍ ብለሽ የጻፍሽውን ቅጽበት አንሺና ለፖስተሩ መነሻ አድርጊው።

ስለ ፋይል አዘገጃጀት ብዙ አልልም፤ ነገር ግን እነዚህን ካላወቅሽ የመጀመሪያው ሥራ ላይ ትቸገሪያለሽ። ሥዕሉ በሚታተምበት መጠን 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ይሁን፤ አሥር ሴንቲ ሜትር ስፋት ማለት ወደ 1181 ፒክስል ነው። ከመቁረጫው መስመር ውጭ በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር ትርፍ ሥዕል ተዪ። ስክሪን ላይ የሚያበራው የብርቱካን ጭማቂና የሎሚ አረንጓዴ በአራቱ የማተሚያ ቀለሞች ሲታተም ይደበዝዛል፤ አስቀድመሽ በሲኤምዋይኬ፣ ማለትም በእነዚሁ አራት ቀለሞች አሠራር፣ አይተሽ አስተካክይው። የቡናው ጥቁር ቡናማ ደግሞ አራቱንም ቀለሞች አብዝቶ ከተጠቀመ ወረቀቱ ላይ ይጨቀያል። ከሁሉ በላይ ብርጭቆውን፣ ፈሳሹን፣ ሎሚውን፣ ጤዛውን፣ ጥላውንና መደቡን በተለያየ ሌየር (በኮምፒውተር ለየብቻ በሚደራረብ ንብርብር) ያዢ። ደንበኛው «ሎሚዋን አውጪልኝ» ማለቱ አይቀርም፤ አንድ ላይ ከጨፈለቅሽው ሥዕሉን እንደገና ልትሠሪው ነው። በእጅ በውሃ ቀለም የምትሠሪ ከሆነም ሎሚዋንና ቅጠሏን በሌላ ወረቀት ሣዪና ስካን አድርገሽ አገናኚያቸው።

አሁን ወደ አርማው ጥያቄሽ። አትጨምሪው። አርማው የንግድ ምልክት ነው፤ ባለቤት አለው። አንዳንዴ ባለቤትነቱ ከጽሑፉም ያልፋል። የኮካ ኮላ ጠርሙስ ቅርጽ በ1915 በሩት የብርጭቆ ፋብሪካ የተነደፈ ሲሆን በ1960 ቅርጹ ራሱ በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ተመዝግቧል። ስሙን ብትደመስሺው እንኳ ቅርጹ የሰው ነው ማለት ነው። ሕጉን ለጊዜው ብንተወው እንኳ ለፖርትፎሊዮሽ አይበጅም። የታወቀ አርማ ያለበት ሥዕል ለዚያ ድርጅት የሠራሽ ያስመስላል፤ «መቼ ሠራሽላቸው?» ተብለሽ ስትጠየቂ መልሱ እምነት ይቀንሳል። ይልቅ የራስሽን መጠጥ ፍጠሪ፤ ስም አውጪለት፣ ስሙ በሌላ አለመያዙን አጣሪ፣ ጠባይ ስጪው። ለማን እንደሚሸጥ፣ ቀን ወይስ ማታ እንደሚጠጣ ወስኚ። ሥዕሉ ሥርም በልምምድ የተሠራ መሆኑን በግልጽ ጻፊ። ይህን ያደረገች ሠዓሊ ብርሹን ብቻ ሳይሆን ሐሳቡንም እንደምታመጣ ታሳያለች።

የአልኮል መጠጥ ከምትወጃቸው ውስጥ ካለ ሰው ስትጨምሪበት ተጠንቀቂ። በብዙ አገር ማስታወቂያው ጥብቅ ደንብ አለው። ለምሳሌ በብሪታንያ የማስታወቂያ ደንብ ሲጠጣ የሚታይ ሰው ዕድሜው ከ25 በታች መሆንም መምሰልም የለበትም። ልጅ መሰል ገጸ ባሕርይ ያለበት የቢራ ሥዕል ቢያምርም ማንም አይገዛሽም።

ስለ ፎቶው ደግሞ እንዲህ ነው። ከፎቶ መሣል ነውር የለውም፤ የንግድ ሠዓሊ ሁሉ በፎቶ ይረዳል። ችግሩ ፎቶው የሌላ ሰው መሆኑ ነው። የበርን ስምምነት (የቅጂ መብትን የሚመለከት ዓለም አቀፍ ውል) አባል በሆኑ አገሮች የቅጂ መብት ያለ ምንም ምዝገባ ፎቶው ከተነሳበት ጊዜ ጀምሮ የአንሺው ነው። የእሱን ብርሃን፣ የእሱን አቀማመጥ፣ የእሱን ጠብታ እንዳለ ከገለበጥሽ ሥዕሉን የመሸጥ መብትሽ ጥያቄ ውስጥ ይገባል፤ የሚገዛሽ ድርጅትም ከአንቺ ጋር ይጠየቃል። ደግሞስ መጠጥ እኮ በርዕስነት እጅግ ምቹ ነው፤ ቀድተሽ ፊትሽ ታስቀምጪዋለሽ። የራስሽን ፎቶ አንሺ። ስልክሽን አታስጠጊው፤ ራቅ በዪና በካሜራው ዙም አቅርበሽ አንሺ። በጣም ከተጠጋሽ የብርጭቆው አፍ ያለቅጥ ይሰፋና ግርጌው ይጠባል፤ ያንን እንዳለ ብትሥይው ብርጭቆው ይዛነፍብሻል። አረፋና እንፋሎት ቶሎ ስለሚጠፉ በቅድሚያ እነሱን አንሺ፤ ከዚያ ተረጋግተሽ ከፊትሽ ካለው ብርጭቆ ሣዪ። በሦስት አቅጣጫ ያዢው፦ ከጎን ቀጥታ፣ ተቀምጦ እንደሚጠጣ ሰው በግማሽ ዘንበል ብሎ፣ ከአናቱ ላይ። የመጀመሪያው ለመለያ፣ ሁለተኛው ለማስጎምጀት፣ ሦስተኛው ጽሑፍ ከጎኑ ለሚገባበት የመጽሔት ገጽ ይሆናል።

ፖርትፎሊዮውን ስታሰናጂ ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ሥዕል ይበቃል። ከድሮዎቹ አሥር የሎሚ ሻይዋን በራስሽ ፎቶ እንደገና ሣይና አስገቢያት፤ የቀሩትን አስቀሪ። እንደሚያሳዝን አውቃለሁ፤ ለፍተሽባቸዋል። ግን ደካማው ሥዕል ጠንካራውን ይጎትተዋል። የአሣሣል ስልትሽ አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ይሁን። የአንዱን ሥራ ሂደት፣ ማለትም ትንንሽ ንድፎቹን፣ የጸዳውን መስመርና ያለቀውን ሥዕል፣ ጎን ለጎን አሳዪ፤ ደንበኛ ከአንቺ ጋር ሲሠራ ምን እንደሚገጥመው አስቀድሞ ያያል። ስትልኪም በጅምላ አትላኪ። መጠጥ የሚያመርቱ አነስተኛ ድርጅቶችን፣ የማሸጊያ ዲዛይን ስቱዲዮዎችን፣ የመጽሔት አርት ዳይሬክተሮችን፣ የምግብና መጠጥ መጽሐፍ አሳታሚዎችን ለይተሽ ያዢ። ለጣሳ አምራቹ ጣሳውን፣ ለመጽሔቱ ትንሿን የዓምድ ሥዕል በኢሜይሉ ፊት ላይ አድርጊለት፤ ጥቂት መስመር ጻፊና የፖርትፎሊዮሽን ማስፈንጠሪያ (ሊንክ) ከሥሩ አስቀምጪ። መልስ ባይመጣ ከጥቂት ወራት በኋላ በአዲስ ሥዕል ተመለሺ፤ ዝምታ ብዙ ጊዜ «ለጊዜው ሥራ የለም» ማለት ነውና።

አንድ ሰው መልስ ሲሰጥሽ ዋጋ ከመናገርሽ በፊት ሥዕሉ የት እንደሚውል፣ ለምን ያህል ጊዜ፣ በየትኞቹ አገሮች፣ ሌላ ሰውም መጠቀም ይችል እንደሆነ ጠይቂ። ሜኑ ላይ ለአንድ ወቅት የሚውል ሥዕልና በብዙ አገር ጣሳ ላይ ለዓመታት የሚታተም ሥዕል ልፋታቸው አንድ ቢሆንም ዋጋቸው አንድ አይደለም። የምትሸጪው የመጠቀም ፈቃድ ነው፤ ባለቤትነቱን ሙሉ በሙሉ እንድትሰጪ ከተጠየቅሽ ያ ራሱን የቻለ፣ ከፍ ያለ ዋጋ ያለው ጉዳይ ነው። ስንት ጊዜ እርማት እንደምትቀበይ፣ ቅድሚያ ክፍያው ስንት እንደሆነ፣ ሥራው መሀል ላይ ቢቆም ምን ያህል እንደሚከፈልሽ በጽሑፍ ይቀመጥ። የእርሳስ ንድፉን ላኪና ደንበኛው በጽሑፍ «ይሁን» እስኪልሽ ድረስ ቀለም አትጀምሪ።